የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ፕሪሞ ካርኔራና የጭንቅላት ምት

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ጣሊያናዊው ግዙፍ ቡጢኛ ካርኔራ የከባድ ሚዛን የዓለም ሻምፒዮን የሆነው መቼ ነው? ስንት ጊዜስ ሻምፒዮንነቱን አስጠበቀ?

መልስ፦ ጁን 29 ቀን 1933፣ ኒውዮርክ ላይ ጃክ ሻርኪን በ6ኛው ዙር ዘርሮ። ሁለት ጊዜ አስጠብቋል፤ ሮም ላይ ኡዝኩዱንን፣ ማያሚ ላይ ሎግራንን፣ ሁለቱንም በነጥብ።

ጥያቄ፦ ግጥሚያዎቹ ሁሉ የተሸጡ፣ ማለትም ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ በገንዘብ የተወሰነባቸው፣ ነበሩ ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ሁሉም አይደሉም። ከሰርከስ ወጥቶ በ1928 ፓሪስ ላይ ከጀመረ በኋላ፣ በተለይ አሜሪካ እንደገባ፣ የሚያጠራጥሩ ድሎች ሞልተውታል። ዙሪያውን የያዙት እንደ ኦውኒ ማደን ያሉ ወሮበሎች ነበሩ፤ ገንዘቡንም የበሉት እነሱ ናቸው። በ1934 ከማክስ ቤር ጋር ግን ወደ 11 ጊዜ ያህል እየወደቀ እየተነሳ እስከ 11ኛው ዙር ቆይቷል። የተሸጠ ግጥሚያ እንዲህ አይሆንም። ልቡን አከብራለሁ፤ እናንተ ግን አትከተሉት። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው ማረፍ አለበት።

ጥያቄ፦ ጥቁር አሜሪካዊው ቡጢኛ ጆ ሉዊስ ያን ግዙፍ እንዴት ጣለው? ከኢትዮጵያ ጋርስ ምን ያገናኘዋል?

መልስ፦ ጁን 25 ቀን 1935፣ ያንኪ ስታዲየም። ሉዊስ 89 ኪሎ ገደማ፣ ካርኔራ 118። ሉዊስ መጀመሪያ ሆዱንና ጎኑን ደበደበው። ጎን ሲታመም ክንድ ይወርዳል፣ ክንድ ሲወርድ አገጭ ይገለጣል። በ6ኛው ዙር ሦስት ጊዜ ወደቀና ዳኛው አስቆመ። ያኔ ጣሊያን አገራችንን ለመውረር እየተዘጋጀች ነበር፤ ኦክቶበር 3 ወረረችን። የአሜሪካ ጥቁሮች በሉዊስ ቡጢ ውስጥ ኢትዮጵያን ያዩት በዚህ ምክንያት ነው።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ በልምምድ ላይ ተመትቼ ለጥቂት ሰከንድ ራሴን ሳትኩ። ጉንፋንም ይዞኛል። የሚቀጥለው ቅዳሜ ውድድር አለኝ። ጓደኞቼ «ውሃ ጠጣና ቀጥል» ይሉኛል።

መልስ፦ አትወዳደርም ልጄ። በዚያው በካርኔራ ታሪክ ውስጥ ያለውን የቡጢኛውን የኧርኒ ሻፍን ነገር ስማ። ኦገስት 1932 ማክስ ቤር በመጨረሻው ዙር፣ ደወሉ ሊደወል ሰከንዶች ሲቀሩት ዘረረው፤ እስኪነቃ ደቂቃዎች ወሰደበት። ከዚያም መጋጠሙን ቀጠለ። ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1933፣ ከከባድ ኢንፍሉዌንዛ ገና ሳያገግም ካርኔራ ፊት ቆመ። በ13ኛው ዙር ቀላል የመሰለች የግራ ቡጢ ጣለችው። ተመልካቹ «ውሸት ነው!» እያለ ጮኸ። በአራተኛው ቀን፣ በ24 ዓመቱ፣ ሞተ። ሬሳው ሲመረመር የአንጎል ሽፋን ብግነት ተገኘበት። ቡጢዋ ቀላል ብትሆንም ያረፈችው በተጎዳ ጭንቅላት ላይ ነው።

ስለዚህ ጓደኞችህን ሳይሆን ይህን ስማ። ሐኪም ሳያይህ ወደ ልምምድ አትመለስ። መጀመሪያ አንድ ሁለት ቀን ሙሉ ዕረፍት። ከዚያ ቀስ ያለ እርምጃ፣ ሩጫ፣ ከጥላ ጋር ቡጢ (ያለ ተጋጣሚ አየር መምታት)፣ ጆንያ መምታት፤ በእያንዳንዱ መካከል ቢያንስ አንድ ቀን ይለፍ። ራስ ምታቱ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ። ከሰው ጋር መጋጠም መጨረሻ ላይ፣ በሐኪም ፈቃድ ብቻ ነው። በአማተር ቡጢ ለዓመታት የተሠራበት ሕግ ለአንድ ዝረራ ቢያንስ 30 ቀን ያግዳል። ትኩሳት ካለህ ደግሞ ጓንት አትንካ። አስፕሪንም አትዋጥ፤ ውስጥ የሚደማ ካለ ያባብሰዋል።

ጥያቄ፦ የጭንቅላት መከላከያ ካደረግሁ ከእኔ 20 ኪሎ ከሚበልጥ ሰው ጋር መለማመድ እችላለሁ?

መልስ፦ መከላከያው ቅንድብን ከመሰንጠቅ ያድናል። አንጎል በራስ ቅል ውስጥ መናወጡን ግን አያስቀርም። የክብደት እኩያህን ፈልግ፤ 16 አውንስ ጓንት አድርጉ። ከተመታህም ዕረፍ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ትናንት ከተመታ በኋላ ሁለት ጊዜ አስታወከ፤ አሁን እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል።

መልስ፦ እህቴ፣ ስልኩን ዝጊና አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው።