ትንሽ ነው፣ ቻይው

እሺ... ቀይዋ በርታለች፣ እየቀዳ ነው መሰለኝ። ሰላም ናችሁ? ዛሬ ባለ አራት እግሩ ፕሮፌሰር ሌላ ክፍል ተቆልፎበታል፣ ባለፈው ማይኩ ሥር ሲያንኮራፋ ሳልቆርጠው ስለለቀቅኩላችሁ ኮሜንት ላይ ያላችሁኝን አልረሳሁም፣ ስለዚህ በር ሲቧጠጥ ከሰማችሁ እሱ ነው። ይሄ ደሞ... አይ ይሄኛው እሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ እጄን እያከክኩ ነው፣ ይቅርታ።

ዛሬ ስለ አከራዬ ክፍል ሁለትን ላወራችሁ ነበር ግን ይቆየን። ስለ ሚዜዋ ነው የማወራው፣ ለሰርግ አክሪሊክ ጥፍር ስለሠራሁላት ልጅ። ስቶሪዬ ላይ ያን ሮዝና ነጭ ጥፍር አይታችሁ እሳት እሳት የላካችሁልኝ፣ ከዛ ደሞ ለምን አጠፋሽው ያላችሁኝ፣ ይኸው ለዚህ ነው። ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ማታ ማታ ግን እሱኑ ነው የማየው፣ ስልኬ ላይ አይደለም፣ እንዲሁ ጣሪያው ላይ።

የግራ እጇ መሃል ጣት ላይ ደርሰን ነበር። ከኋላችን ቲቪው ላይ ትርጉም ፊልም አለ፣ እማዬ ድምፁን ለጥጣዋለች፣ ሴትዮዋ እያለቀሰች ነው። ኳሷን፣ ሊኩዊድና ፓውደር ተቀላቅለው የሚሆኑትን ሊጥ መሳይ፣ በብሩሽ አነሳሁ፣ ትልቅ ነበረች፣ አሁን ሳስበው በጣም ትልቅ ነበረች፣ የተነከረ ሽምብራ የምታክል፣ እርጥብም ነበረች። ጥፍሯ መሃል አስቀመጥኳት፣ ጫን አልኩ፣ ወደ ኪዩቲክሉ፣ ጥፍሩ ሥር ወዳለው ስስ ቆዳ፣ ገፋሁ፣ መለስ አድርጌ ወደ ጫፍ ሳብኩ። ከዛ እጇ ሸሸ። ጎተተችው አይባልም፣ ጎትታው ቢሆን እኮ ጥሩ ነበር፣ ብቻ እጄ ውስጥ እንዳለ ሽሽት አለ፣ ድመት ልታቅፋት ስትል እንደምትሸሸው። «ያቃጥላል እንዴ?» አለች፣ ሳቅ ብላ። ልብ በሉ፣ እየተቃጠለች ያለችው እሷ፣ የምትጠይቀው እኔን። እኔም ሳቅ ብዬ፣ ቀና እንኳን ሳልል፣ ምክንያቱም ኳሷ ሳላስተካክላት ከደረቀችብኝ አለቀልኝ፣ «ትንሽ ነው፣ ቻይው» አልኳት።

ቻለችው። በቃ ታሪኩ ይሄው ነው። ሰባት ጣት ይቀር ነበር፣ ሰባቱንም ቻለችው።

እና ያቺን «ቻይው» ከየት እንዳመጣኋት ሳስብ ነበር፣ ኮርስ ላይ ማንም አላስተማረኝም። ከሹሩባ ነው። በእናታችሁ፣ ልጅ ሆናችሁ ሹሩባ የተሰራችሁ ታውቁታላችሁ፣ ጉልበታቸው መሃል ቁጭ ትያለሽ፣ ጭንቅላትሽ በሁለት ጭን ይያዛል፣ ቀጭን ቁጥርጥር ነው የታዘዘው፣ ዐይንሽ ወደ ጆሮሽ ይሳባል፣ ትንሽ እህ ካልሽ በማበጠሪያው ጀርባ ኳ፣ «ቻይው፣ ታምሪያለሽ!» ማታ ትራስ ላይ መተኛት የለም። እማዬ እስካሁን ፎቶዋን ታሳያለች፣ እዩዋት ስታምር፣ እኔ ፎቶው ላይ ቅንድቤ ግንባሬ ላይ ወጥቷል። እና የማያምም እኮ አለን፣ እንሶስላ አለ አይደል፣ ሥሩ ተወቅጦ ጣትሽ ላይ ተደርጎ፣ ተጠቅልሎ፣ አድረሽ ጠዋት ቀይ ቆንጆ ጣት። አያቴ ጋ ሁሌ እንዳደርን ነው፣ አንድ ቀን ያመመው ሰው የለም፣ ከፍተኛው ችግር ሌሊት ሽንት ቤት መሄድ ነው። ያን ትተን ከሹሩባው ነው የተማርነው ማለት ነው። ወይ እኔ ብቻ ነኝ።

ምን ልላችሁ ነበር... አዎ። ደሞ በነፃ ነበር የሰራሁላት። ለልምምድ፣ የቲፑን፣ ጥፍር ጫፍ ላይ የሚለጠፈውን ፕላስቲክ፣ ብቻ ከፍላ። አሁን በነፃ የሚሰራለት ሰው አመመኝ ይላል? እንኳን ጥፍር፣ ሰው ቤት ጨው የበዛበት ወጥ ቀርቦልን «በጣም ይጣፍጣል» ብለን ተጨማሪ የምንቀበል ሰዎች ነን። እሷ ይሉኝታ ያዛት፣ እኔ ደሞ ሳላውቅ የማውቅ መምሰል፣ ሁለታችንም ጠረጴዛው ላይ ተፋጠን... እሺ በቃ።

ከዛ ምርመራ ውስጥ ገባሁ። ጠባዬን ታውቁታላችሁ፣ የፍሪጁ ጊዜ ምን እንዳደረግኩ ታውቃላችሁ።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ሙቀት ነው። ሊኩዊዱና ፓውደሩ ሲገናኙ ይጠነክራል፣ ሲጠነክር ሙቀት ይለቃል፣ ይሄ ብልሽት አይደለም፣ ሥራው ነው። ወንድሜ ሳይት ላይ ስለሚውል ስነግረው «ኮንክሪትም እኮ ይሞቃል» አለኝ፣ የሚዜዋን ጥፍር ኮለን አደረገው ማለት ነው። ጤነኛ ጥፍር ላይ ለብ ብሎ ያልፋል። የሳሳ ጥፍር ላይ ግን በቀጥታ ሥጋው ጋ ነው የሚደርሰው፣ ጥፍር እኮ ውፍረቷ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ ኳሷ ስትተልቅ ደሞ ሙቀቱም ይጨምራል። እና ማን አሳሳው? ማብረቅረቁን ብቻ ማንሳት ነበረብኝ፣ በ180 ፋይል፣ በለስላሳው መሞረጃ፣ በቀላል እጅ፣ አቧራ እንደማራገፍ። እኔ ግን ያነሳሁት 100ውን ነው፣ አክሪሊኩን ራሱን ለመሞረድ የተቀመጠውን፣ ምክንያቱም ሸካራ ከሆነ ይበልጥ ይይዛል ብዬ አስቤ። ከዛ ኪዩቲክሉ ጋ በማሽኑ፣ በሚሽከረከረው የጥፍር መሞረጃ፣ ገባሁ። ማሽኑን የገዛሁ ሰሞን ያወራኋችሁን ታስታውሳላችሁ፣ ልጅ እንደወለደ ሰው ፎቶ ስልክላችሁ ነበር። አሁን ጥፍሯ ላይ ቅስት የሆነ ቀይ መስመር አለ፣ የማሽኑ ቢት፣ ጫፉ፣ ቁልቁል የቆፈረበት። ሲያድግ ከጥፍሩ ጋር ወደ ላይ እየወጣ ነው የሚሄደው። ጥፍር በወር ሦስት ሚሊ ገደማ ነው የሚያድገው፣ ሙሉ በሙሉ እስኪቀየር ስድስት ወር ገደማ። ስድስት ወር ሙሉ የኔን ፊርማ ይዛ ትዞራለች።

እሺ፣ ሙቀት ነው ብዬ ልዘጋው ነበር፣ ሙቀት ግን በደቂቃ ነው የሚያልፈው። በሦስተኛው ቀን የመጣውስ?

በሦስተኛው ቀን ቮይስ ላከችልኝ። ሰርጉ አልፏል፣ ጨፍራለች፣ ቪዲዮውን አይቻለሁ፣ እጇን ከፍ አድርጋ ነው የምትጨፍረው ጥፍሩ እንዲታይላት፣ እሱን ሳይ ደሞ... ብቻ። ቮይሱ ላይ፣ «እህቴ አትጨነቂ» ብላ ነው የምትጀምረው፣ እኔ ጨዋ ሰው ሲያጋጥመኝ ነው የምፈራው፣ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ጣቶቿ ጥፍሩ ዙሪያ አብጠዋል፣ ያሳክካል፣ ትንንሽ ውሃ የቋጠረ ነገር ወጥቷል፣ የዐይኗ ቆብ ደሞ አብጦ ጠዋት ዐይኗ አልገለጥ አለ። ዐይን! እኔ ዐይኗን አልነካሁም። ቀኑን ሙሉ ይሄን ስል ዋልኩ፣ ለማን እንደምል አላውቅም፣ ለፕሮፌሰር መሰለኝ፣ «እኔ ዐይኗን አልነካሁም»። እሷ ግን በጣቷ ዐይኗን ነክታለች፣ የሞረድኩት ብናኝም ፊቷ ላይ ሲበር ነበር፣ የዐይን ቆብ ቆዳ ስስ ነው።

ቃጠሎ ወዲያው ነው የሚመጣው። ለምሳሌ አሲድ ያለበት ፕራይመር፣ አክሪሊኩ እንዲይዝ ከሥር የሚደረገው፣ ቆዳ ከነካ እዛው ያቃጥላል፣ እሱንም እኔ ጥፍር ቀለም ይመስል ቀብቼዋለሁ፣ እሱ ንክት ተደርጎ ነው የሚተወው። አለርጂ ግን ቀን ይወስዳል፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቀን፣ ያሳክካል፣ ያብጣል። መጀመሪያ ስትነኪው ላይመጣም ይችላል፣ በሦስት ቀን ከመጣ ግን ሰውነቷ ከዚህ በፊት ያውቀዋል ማለት ነው፣ እሷ ደሞ ጄል፣ የዚሁ ዘመድ የሆነውን የጥፍር ቀለም፣ ስታሠራ ዓመት አልፏታል። ስለዚህ እኔ ላልሆን እችላለሁ... አያችሁ? አያችሁ እንዴት እንደምሸሽ? እርጥቧ ኳስ ቆዳዋ ላይ የፈሰሰችው ማን እጅ ላይ ነው? ኪዩቲክሉ ጋ አንድ ሚሊ ያህል ክፍተት ተይ ተብዬ ተምሬያለሁ፣ ደብተሬ ላይ አለ፣ ሁለቴ አስምሬበታለሁ። ክፍተት ከተውኩ ግን ፎቶው ላይ አያምርም። በፎቶ ምክንያት ነው።

ከዛ ሀኪም ቤት ሄደች፣ አለርት ሆስፒታል፣ እዚህ ጋ ባትስቁብኝ፣ ደውላ «አለርት ነኝ» ስትለኝ «አለርጂ ነኝ» ያለች መስሎኝ «አውቃለሁ የኔ እናት፣ አውቃለሁ» እላለሁ፣ እሷ «እንዴት አወቅሽ?» ትላለች፣ እኔ «አንብቤ» እላለሁ፣ እንደዛ ሁለት ደቂቃ አወራን። የቆዳ ሀኪሙ ቅባት ሰጣት፣ ጥፍሩ ይውጣ፣ ከዚህ በኋላ የጥርስ ሀኪም ጋ ስትሄጂ ደሞ ተናገሪ አላት። የጥርስ ለምን አልን፣ ለካ ጥርስ የሚሞላበት ነገርና ይሄ ዘመዳሞች ናቸው። አክሪሊክ ጥፍርን በ1954 በፈረንጆቹ የጀመረውም የጥርስ ሀኪም ነው ይባላል፣ ጥፍሩ ተሰብሮበት በጥርስ መሥሪያው ጠገነው አሉ። እኔ በሰው ጥፍር የጀመርኩት ነገር ጥርስ ድረስ ሊከተላት ነው።

ላወጣላት መጣች። አሴቶን ውስጥ ሃያ ደቂቃ፣ ምንም። ሠላሳ፣ ምንም። አርባ ደቂቃ ላይ ሳየው ድንጋይ ነው፣ ጠርዙ ላይ እንኳን አልለሰለሰም። እዛ ጋ ነው ልቤ ስንጥቅ ያለው፣ ምክንያቱም እሱን አንብቤያለሁ፣ ሊኩዊድ ሁለት ዓይነት አለ፣ ኢኤምኤና ኤምኤምኤ፣ ሁለተኛው ርካሽ ነው፣ ሽታው አናት ይመታል፣ ሲሞረድ እምቢ ይላል፣ አሴቶን አይበግረውም። ሰርጀሪ ላይ አጥንት ማያያዣ ሲሚንቶ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው፣ ወንድሜ ልክ ነበር በሉት። አሜሪካ ኤፍዲኤ፣ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪያቸው፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ በነሱ አቆጣጠር፣ የጥፍር መበላሸትና የቆዳ ቅሬታ ስለበዛበት ንጹህ ኤምኤምኤ የሆኑትን በፍርድ ቤት ጭምር ከገበያ አስወጥቷል። ከሃምሳ ዓመት በፊት! እኔ ሊኩዊዴን ከመርካቶ ነው የገዛሁት፣ ከጄሪካን ወደ ጠርሙስ የተገለበጠ፣ ምንም ስቲከር የለውም፣ ልጁን «ይሄ ምንድነው?» ስለው «ኦሪጅናል ነው» አለኝ። ምንድነው ነው እኮ ያልኩት። «ኦሪጅናል»። ከፈልኩ።

ማውለቅ አማረኝ፣ አልዋሻችሁም፣ በገፊው ከሥር ፈልቅቄ ልገላገል። ብፈነቅለው ከጥፍሯ ጋር ነበር የሚመጣው። ቀስ ብዬ አሳስቼ ሞረድኩት፣ በ180፣ ጭንብል አድርጋ መስኮት ከፍተን፣ የቀረው እያደገ እንዲወጣ። ሁለት ሰዓት ተኩል። በየጣቱ «ያምሻል?» እላታለሁ፣ «አረ አያምም» ትላለች፣ ፊቷን አያለሁ፣ ልቧን ግን እንዴት ልይ፣ አሁን አያምም ስትል እውነት ነው ወይስ ቻይ ስላልኳት ነው? አንድ ጊዜ ቻይ ያልሽውን ሰው አያምም ሲልሽ ልታምኚው ትችያለሽ? እሱን ነው የማላውቀው። ምናልባት ትችያለሽ። አላውቅም።

እና ትናንት ቴክስት አደረገችልኝ፣ ለዚህ ነው ዛሬ የቀዳሁት፣ አከራዬን የሠዋሁት። የአጎቷ ልጅ ሰርግ አለባት፣ ከጾሙ በኋላ፣ ለዳግማይ ትንሳኤ። «ትሠሪልኛለሽ? አሁን እኮ ለምደሻል ☺» ትላለች። ፈገግታም አለው። አንዴ የተቆጣ ሰውነት እኮ አይረሳም፣ ዕድሜ ልክ ነው፣ ጥሩ ሊኩዊድ ብገዛ፣ ክፍተት ብተው፣ ሽምብራውን ምስር ባደርገው፣ ለሷ ለውጥ የለውም። አይሆንም ማለት ነው ያለብኝ። አይሆንም ካልኩ ደሞ ለምን ልትል ነው፣ ለምኑን ስነግራት እስካሁን ያልነገርኳትን የጠርሙሱን ነገር መንገር አለብኝ። አዎ፣ አልነገርኳትም። አሴቶኑ አርጅቶ ነው አልኳት። ሦስቴ ጽፌ ሦስቴ አጠፋሁት፣ «ታይፒንግ» የሚለው እየታያት ነው አይደል ይሄኔ፣ ኡፍ።

እንሶስላ ልበላት እንዴ? ስቀልድ ነው። ግን እሱም እኮ... አይ፣ ጥሩ ሐሳብ ሊሆን ይችላል፣ ቆይ አያቴን እጠይቃታለሁ።

ፕሮፌሰር፣ መጣሁ! በሩን ጨረሰው። እ... ጠርሙሱን ጥያለሁ፣ ልትጠይቁኝ ከሆነ። ማለቴ ከጠረጴዛው ላይ አንስቼዋለሁ፣ ቁም ሳጥኑ ሥር ነው። ጓንትም ገዝቻለሁ፣ ግን እሱንም ሳነብ ስስ ከሆነ ሊኩዊዱ በደቂቃዎች ያልፈዋል ይላል፣ ስለዚህ ቶሎ ቶሎ መቀየር፣ ያው ብር ነው። እና ሰሞኑን ይሄ አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ፣ ብሩሹን የምይዝበት፣ ጫፉ ላይ... እንዲህ ስንጥቅጥቅ ነገር... ከሳሙናው ይሆናል፣ እማዬ አዲስ የልብስ ሳሙና አምጥታ ነበር፣ ቅዳሜ አጥቤያለሁ፣ ከሱ ይሆናል። ያሳክካል ትንሽ። ትንሽ ነው። ቆይ ፕሮፌሰርን ልክፈትለት፣ መጣሁ