ለጣሪያ አሸንዳ ማን ያዋጣል?

እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይክራፎኑ ብቻ ነን። አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ ነው። ኑዛዜ ስላችሁ ትልቅ ኃጢአት እንዳትጠብቁ፣ ነገሩ ስለ አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መሀል ከተማ ያለ፣ ወንበሩ የተቀዳደደ ግን ግርማው ያልለቀቀው ሲኒማ ቤት ለማሳደስ የተነሱ ሰዎች በኢንተርኔት መዋጮ ከፈቱ። የጠየቁት ለጣሪያ ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፣ አሸንዳው ተበሳስቷል፣ ውሃው በግድግዳው ውስጥ እየወረደ ነው አሉ። ፎቶም ለጥፈዋል፦ የዛገ ቆርቆሮ። አየሁትና አለፍኩት። ያለፍኩት ደግሞ እኔ ብቻ አልነበርኩም። መዋጮው የተከፈተው "ካልሞላ ምንም የለም" በሚለው ደንብ ነበር፤ ኪክስታርተር የሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ መሰብሰቢያ የሚሠራበት ማለት ነው። ቀነ ገደቡ ሲደርስ ግቡ ካልሞላ ከማንም ካርድ ላይ ሳንቲም አይቆረጥም። ለሰጪው መልካም ደንብ ነው። የሚያፈስ ጣሪያ ግን ቀነ ገደብ አያውቅም።

ከወራት በኋላ እነዚያው ሰዎች ተመለሱ። አሁን የፈለጉት ከበሩ በላይ ያለውን፣ በአምፖል የተጻፈውን የሲኒማ ቤቱን ስም መልሶ ለማብራት ነበር። በቀናት ውስጥ ሞላ። እኔም ሰጠሁ! ስሜ ከሰጪዎቹ ዝርዝር ላይ ሲወጣ ለጓደኞቼ ላክሁላቸው። መብራቱ የበራ ማታ ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየሁት።

ሁለት ክረምት አለፈ። የኮርኒሱ ልስን ውሃ ጠጥቶ ጠጥቶ ወንበሮቹ ላይ ተናደ። ደግነቱ በውስጡ ሰው አልነበረም። ቤቱ ተዘጋ፣ እኔ ያዋጣሁበት መብራትም አብሮ ጠፋ።

ስሜ በመውጣቱ ደስ ማለቱን አልኮንነውም። ዘዴው የቆየ ነው። በ1885 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) የኒው ዮርኩን የነጻነት ሐውልት መቆሚያ ለመሥራት ገንዘብ ሲያጥር፣ ጆሴፍ ፑሊትዘር በጋዜጣው ሕዝቡን ለመነ፤ የእያንዳንዱን ሰጪ ስምም፣ የሰጠው ጥቂት ሳንቲም ቢሆን እንኳ፣ እንደሚያትም ቃል ገባ። በ5 ወር ገደማ ውስጥ ከ100,000 ዶላር በላይ ተሰበሰበ። አብዛኛው ሰው የሰጠው ከአንድ ዶላር በታች ነበር። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" የሚባለው ይኸው ነው።

እኔን የሚከነክነኝ ግን መቼ እና ለምን እንደምንሰጥ ነው። የፓሪሱን ኖትርዳም ቤተ ክርስቲያን አስቡት። ከቃጠሎው በፊት ድንጋዩ እየተሸረፈ፣ ጠባቂዎቹ ለጥገና ገንዘብ ፍለጋ ሲደክሙ ነበር። ሚያዝያ 2019፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ እሳቱን ዓለም ሁሉ በቀጥታ አየው። ከዚያ በኋላ የመጣው ገንዘብ 846 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ ነው፤ ሰጪዎቹም ወደ 340,000 ይጠጋሉ። ቤቱ በ2024 መጨረሻ ተከፈተ፤ ደስ ይላል። ግን እሳት የሚያየውን ሰው ያህል ስንጥቅ የሚያይ ሰው ቢኖርስ?

ለሲኒማ ቤቱ ብዬ ትንሽ ማንበብ ጀምሬ ነበር (ከረፈደ በኋላ፣ እንደ ልማዴ)። የድሮ ጡብ የተያያዘው በአብዛኛው በኖራ ነው። ኖራ ለስላሳ ነው፣ ያስተነፍሳል፤ ግድግዳው የጠጣው እርጥበት በጡቦቹ መገጣጠሚያ በኩል ይወጣል። እኛ ደግሞ "ይጠንክር" ብለን መገጣጠሚያውን በሲሚንቶ እንሞላለን። ያኔ እርጥበቱ መውጫ ያጣና በጡቡ በኩል ይገፋል፤ የጡቡ ፊት እየተላጠ ይረግፋል። ስለዚህ ገንዘብ መኖሩ ብቻውን ቤቱን አያድነውም። በተዋጣ ገንዘብ ሲሚንቶ ገዝቶ አሮጌ ቤት ማፈን ይቻላል።

ደግሞስ ቤቱ የማን ነው? ሕንፃው የግለሰብ ከሆነ እኛ አዋጥተን ባሳመርነው ቁጥር የሱ ንብረት ዋጋ ይጨምራል፤ ነገ ሊሸጠው ይችላል። በአንዳንድ አገሮች ለዚህ መላ አላቸው፦ ባለቤቱ ሕንፃውን ላለማፍረስ የሚገባው ውል ከይዞታው ጋር ይመዘገባል፣ ቀጥሎ የሚገዛውንም ያስረዋል። እኔ አምፖሉን ሳበራ ይህን የጠየቀ ሰው አላየሁም። እኔም አልጠየቅሁም።

ሕዝቡ ራሱ ባለቤት ሲሆንስ? ይህም ተሞክሯል። እንግሊዝ ውስጥ ሄስቲንግስ በምትባል ከተማ በ1872 የተከፈተ፣ ወደ ባሕሩ የተዘረጋ የመዝናኛ ድልድይ ነበር፤ በ2010 ተቃጠለ። ወደ 3,000 ሰዎች አክሲዮን ገዙ፣ ከሎተሪ የሚመጣው የቅርስ ገንዘብ ትልቁን ወጪ ሸፈነ፣ በ2016 ተከፈተ። በ2017 የብሪታንያን ትልቁን የሥነ ሕንፃ ሽልማት፣ ስተርሊንግን፣ አሸነፈ። በሚቀጥለው ወር ድርጅቱ ዕዳውን መክፈል አቅቶት በአስተዳዳሪ እጅ ገባ። በ2018 ለአንድ ባለሀብት ተሸጠ።

ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ያ ተረት ይመጣብኛል። ሃምሳ ሎሚ፣ እሺ። ሃምሳው ሰው ጌጡን አድርጎ ወደየቤቱ ሲሄድ ሎሚው እንዳይደርቅ የሚያየው ማነው? ማሠሪያ ገንዘብ ባንድ ጀንበር ይሰበሰባል። የማኖሪያው ገንዘብ ግን በየወሩ ነው የሚፈለገው፤ በየወሩ ደግሞ ሪባን አይቆረጥም።

ባለፈው ዓመት ከሲኒማ ቤቱ ሰዎች መልእክት ደረሰኝ። ቤቱ ገና ዝግ ነው፣ ጣሪያው ላይ ሸራ ተወጥሯል። የጠየቁት ትንሽ ነገር ነው፦ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ፣ አሸንዳ ለሚጠርግና ሸራውን ለሚያይ ሰው። መብራት የለም፣ የስም ዝርዝርም የለም። ገባሁበት። በምላሹ በየጊዜው አንድ ፎቶ ይልኩልኛል፦ ከአሸንዳው የወጣ፣ ውሃ የጠጣ ጥቁር ቅጠል የሞላበት ባልዲ።

ትናንት ያንን ፎቶ ለጓደኛዬ ላክሁላት። "ይሄ ደግሞ ምንድነው?" ብላ መለሰችልኝ።