ፒያሳችን ማንንም አይጠየፍ

እንደምን አደራችሁ! አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ በዚህ ዝናብ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ሼኩም ቄሱም መርቀውልናል፣ አሚን ብለናል። ወደ ጉዳያችን እንግባ።

የዘንድሮው ጉባኤያችን የሚነጋገረው ስለ ደሴ መሀል ከተማ ነው። ደሴ እንደ ልቧ ወደ ጎን አትሰፋም። በአንድ ወገን የጦሳ ተራራ ቆሟል፣ በሌላውም ዳገትና ገደል ነው። መሀሉ ከደከመብን ሌላ መሀል የምንሠራበት ሜዳ የለንም።

ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አንድ በረንዳ ሥር ተጠልዬ ነበር። ልብስ ሰፊው ወንድማችን የስፌት መኪናውን ብሎኬት ላይ ሰቅሎታል። ለምን ብዬ ስጠይቀው ወደ እግሩ አሳየኝ። ቦዩ በፌስታልና በውሃ ፕላስቲክ ተደፍኗል። ከጦሳ የወረደው ጎርፍ አስፋልቱን አልፎ ደጃፉ ድረስ ገብቷል። "ሐምሌን እንዲህ ነው የምገፋው" አለኝ። እያወራን አንዲት እናት ቀሚስ በፌስታል ይዘው ማዶ ቆሙ። ውሃውን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ተመለሱ። ያን ቀን የሄደው ገበያ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስለዚህ ከቀለምና ከአበባ በፊት ቦዩ ይቅደም። ቀጥሎ የመንገድ መብራት። ከዚያ የሕዝብ ሽንት ቤት። ከገጠር ለገበያ የሚመጡ እናቶቻችን ቀኑን ሙሉ ምን እንደሚሆኑ እናውቃለን። በግልጽ እናውራው፣ ነውር የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን አዳራሽ ታውቁታላችሁ። ስሙ አይጠየፍ ነው፣ ትልቁም ትንሹም ገብቶ ግብር ይበላበት የነበረ። ፒያሳንም በዚህ መንፈስ እናቅዳት። ጉልት የምትሸጠው፣ ሊስትሮው፣ ጀበና ቡና የምታፈላዋ ልጅ ከእቅዱ ውጭ መሆን የለባቸውም። መንገዱን ሞቅ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ የማትስማሙ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ኪራይና ግብር ከፍሎ፣ ደጁ ላይ ሌላ ሰው ሲነግድበት ያማል፣ እውነት ነው። ግን ማባረሩን አልደግፍም። ከሱቅ ደጅ ፈንጠር ያለ፣ ጥላ ያለው ቦታ እንፈልግላቸው፣ ሰዓትም እንስማማ። ይህን ከእነሱ ጋር ቁጭ ብለን እንጂ ስለ እነሱ እያወራን አንጨርሰውም። ለዚህም ነው ዛሬ የጠራናቸው፣ ከኋላ ተቀምጠዋል። እባካችሁ ወደ ፊት ኑ፣ ወንበር አለ።

ይቻላል ወይ ለሚል፣ ይህች ከተማ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. በጣሊያን አውሮፕላን ተደብድባ የተነሳች ናት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ስንቱ ሱቅ ተዘርፎ ባዶ መደርደሪያ እንደቀረ ደግሞ በዓይናችን አይተናል። ያኔ አንዱ ሌላውን "አብሽር" እያለ፣ ዕቃ በዱቤ እየሰጠ ነው በራችንን የከፈትነው። ያን ጊዜ የተማመነ ሰው ቦይ ለመጥረግ አይቸገርም።

ዛሬ ከምሳ በኋላ በየሰፈራችን ተከፋፍለን እንወያያለን። ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ፒያሳ ተገናኝተን እስከ ሸዋ በር በእግራችን እንሄዳለን። የተደፈነውን ቦይ፣ የጠፋውን መብራት፣ የተዘጋውን ሱቅ እያንዳንዱን እንመዘግባለን። ማዘጋጃ ቤት የምንገባው ያንን ዝርዝር ይዘን ነው። ደብተርና ዣንጥላ እንዳትረሱ።