የእረፍቱ ወራት የማን ናቸው?

የተከበራችሁ የክለብ አመራሮች፣ አሰልጣኞች፣ ወጌሻዎች፣ እንዲሁም ነገ ጠዋት ቦርሳችሁን አንጠልጥላችሁ ወደየቤተሰባችሁ የምትበተኑ ተጫዋቾች፣ እንደምን አመሻችሁ።

እንድናገርበት የተሰጠኝ ርዕስ ጥያቄ ነው። ፕሮፌሽናል ስፖርተኛ የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ በሚያገኘው እረፍት የበጎ አድራጎት ሥራ መሥራት አለበት ወይ? ሳላንጠለጥላችሁ መልሴን ልንገራችሁ፤ አለበት። ይህን ስል ግን በውል ላይ የሚሰፍር አንቀጽ ማለቴ አይደለም። ክለብ የሚያዘው፣ ወኪል የሚያመቻቸው፣ ፎቶ አንሺ የሚከተለው ሥራም ማለቴ አይደለም። እንዲያውም ዛሬ ልሟገተው የመጣሁት ያንን ነው።

ለ11 ዓመት ተከላካይ ሆኜ ተጫውቻለሁ። በ3ኛው ዓመቴ፣ የመጨረሻው ጨዋታ ባለቀ በማግስቱ፣ ክለባችን በአውቶቡስ ጭኖ ወደ አንድ ሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ወሰደን። አዲስ ማሊያ አለበሱን። ኳስ አስያዙን። አንድ ሰው የግሉኮሱ መስቀያ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ወደ ጎን እንዲገፋ ጠየቀ። ነርሷ ዝም ብላ አየችው፤ ከዚያ ራሷ መልሳ አስጠጋችው። ያን አስተያየቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ከአልጋዎቹ በአንዱ ላይ ጭኑ የተሰበረ ልጅ ተኝቷል። እግሩ ተወጥሮ ተንጠልጥሏል። ኳሱንም ማሊያውንም ጉዳዬ አላለም። «አንተ ተሰብረህ ታውቃለህ?» አለኝ። አውቃለሁ። ከዚያ ዓመት በፊት በነበረው የውድድር ዘመን 7 ወር ከሜዳ ርቄ ነበር። «መጀመሪያ ስትቆም ያማል?» አለኝ። በሕይወቴ አንድም ሰው እኔ በደንብ የማውቀውን ነገር እንደዚያ አድርጎ ጠይቆኝ አያውቅም። ስለዚህ ጉዳይ አንድ ሰዓት ሙሉ ላወራው እችል ነበር፤ እግር መሬት ሲነካ ስለሚመጣው ፍርሃት፣ ጡንቻ ሲከሳ አይቶ ስለ መደንገጥ፣ ሌሊት ላይ ስለሚመጣው «በቃ አበቃልኝ» የሚል ሐሳብ። እኔ ግን ሁለት ዓረፍተ ነገር እንኳ ሳልጨርስ አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፋ። በጠቅላላው 40 ደቂቃ ቆይተናል። ፎቶው በማግስቱ ወጣ፤ እኔም እየሳቅኩ ነበር።

ለዚህ ነው ጥያቄውን «ይሥሩ ወይስ አይሥሩ» ብቻ ብለን ስናስቀምጠው የሚያመልጠን ነገር ያለ የሚመስለኝ። እኛም እዚያ ቀን «ሠርተናል» ተብለናልና።

ከወዲያ ወገን ያለውን ክርክር ላሳንሰው አልፈልግም፤ ጠንካራ ነው። አንደኛው የአካል ጉዳይ ነው። የተጫዋቾች ዓለም አቀፍ ማኅበር የሆነው ፊፍፕሮ በውድድር ዘመኖች መካከል ቢያንስ 28 ቀን እረፍት ያስፈልጋል ብሎ ሲከራከር ቆይቷል፤ የውድድር መርሐ ግብሩ ግን ከዓመት ዓመት እየተጨናነቀ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ክረምት 32 ክለቦች የተሳተፉበት የክለቦች የዓለም ዋንጫ ከጁን አጋማሽ እስከ ጁላይ አጋማሽ ሲካሄድ፣ የእነዚያ ተጫዋቾች እረፍት የት እንደ ገባ እናንተው ታውቃላችሁ። ጅማትና ጡንቻ የሚጠገኑት በእንቅልፍ ነው፣ በሥራ መዝገብ አይደለም። ደክሞ ያልዳነን ሰው «ሌላውን አድን» ማለት ግፍ ነው።

ሁለተኛው የኪስ ጉዳይ ነው። ፕሮፌሽናል ስፖርተኛ ሲባል ሕዝቡ የሚያስበው ጥቂቶቹን ነው። በታችኛው ዲቪዥን የሚጫወተው፣ ስፖንሰር የሌላት ሯጭ፣ ውሉ በየዓመቱ የሚታደስለት ግብ ጠባቂ በእረፍቱ ወራት የሚሠራው የቤት ኪራዩን ለመክፈል ነው። አንዳንዱ ሹፌር ነው፣ አንዳንዷ ልጆች ታሠለጥናለች። እነዚህን ሰዎች ማንም በጎ አድራጊ አልሆናችሁም ብሎ የመውቀስ መብት የለውም። እዚህ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግልጽ ነውና።

ሦስተኛውን ግን ቆም ብዬ ልመልስለት። «ጠበቃ በዓመት እረፍቱ ሆስፒታል ሄደህ አገልግል አይባልም፤ የጥርስ ሐኪም አይባልም። ለምን ስፖርተኛ ብቻ?» ይላሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ የምመልሰው እንዲህ ብዬ ነው። የጥርስ ሐኪም ዘንድ የሚሄድ ሰው ጥርሱ ታክሞለት ይመለሳል፤ ሂሳቡ እዚያው ተዘጋ። እኛን ብሎ ስታዲየም የሚመጣው ሰው ግን ተሸንፈን ሲያመሽ እራት አይበላለትም፣ አሸንፈን ሲያመሽ የማያውቀውን ሰው ያቅፋል። ያንን ፍቅር በገንዘብ ልንተምነው አንችልም፣ ቲኬት የገዛበት ዋጋም አይገልጸውም። ደመወዛችን፣ ስማችን፣ የማሊያችን ሽያጭ፣ ሁሉም የቆመው በዚህ ላይ ነው። ዕዳ ነው። ግን በፍርድ ቤት የማይጠየቅ ዕዳ ነው፤ እንዲህ ያለ ዕዳ ደግሞ በግድ ሲያስከፍሉት መልኩን ይቀይራል።

አሁን ወደ ሰዎቹ ልምጣ።

ሮቤርቶ ክሌሜንቴን ከቤዝቦል ውጪ ያላችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። ፒትስበርግ ፓይሬትስ የተባለው የአሜሪካ የቤዝቦል ክለብ ተጫዋች ነበር። በሴፕቴምበር 30 ቀን 1972 እ.ኤ.አ. 3,000ኛውን የተሳካ ምቱን መታ፤ በመደበኛ የውድድር ዘመን የመጨረሻውም እሱ ሆነ። የውድድር ዘመኑ አልቆ አገሩ ፖርቶ ሪኮ ሳለ፣ በዲሴምበር 23 የኒካራጓን ዋና ከተማ ማናጓን የመሬት መንቀጥቀጥ አፈራረሳት። ከተማይቱን ያውቃት ነበር፤ ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ የፖርቶ ሪኮን የአማተር ቡድን ይዞ እዚያ ሄዶ ነበር። የእርዳታ ዕቃ ሰበሰበ፣ ላከ። ከዚያ የተላከው ለተጎጂዎች ሳይደርስ በባለሥልጣናት እጅ እየቀረ ነው የሚል ወሬ ሰማ። በዲሴምበር 31 ራሱ አብሮ ሊያደርስ አውሮፕላን ላይ ወጣ። ከመጠን በላይ የተጫነው አውሮፕላን ከሳን ሁዋን እንደ ተነሣ ባሕር ላይ ወደቀ። 38 ዓመቱ ነበር፤ አስከሬኑም አልተገኘም።

ይህን የምነግራችሁ ሙቱ ለማለት አይደለም። እኔን የሚገርመኝ ከመሞቱ በፊት ያለው ነው። ዕቃውን ልኮ ቤቱ መቀመጥ ይችል ነበር፤ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። እሱ ግን የላኩት ነገር የት ደረሰ ብሎ ጠየቀ። አብዛኞቻችን የሚጎድለን ይህች ጥያቄ ናት። ቼክ እንፈርማለን፣ ጫማ እንሰጣለን፣ ከዚያ የት ደረሰ አንልም።

ዮሃን ኦላቭ ኮስ ኖርዌያዊ የበረዶ ላይ ተንሸራታች ነው። በ1993 እ.ኤ.አ.፣ አገሩ የምታስተናግደው የሊልሃመር ኦሎምፒክ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ወደ ኤርትራ ሄደ። እዚያ ያያቸው ልጆች ኳስ አልነበራቸውም፤ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ያለው ልጅ ሸሚዙን ጠቅልሎ በእጅጌው አስሮ ኳስ ያደርገዋል፣ ስለዚህ ያ ልጅ በጓደኞቹ ዘንድ ተፈላጊ ነው። ኮስ ተመልሼ እመጣለሁ አላቸው። በፌብሩዋሪ 1994 በ1,500፣ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሦስት ወርቅ አገኘ፤ ሦስቱንም በዓለም ክብረ ወሰን። ከዚያም የስፖርት ዕቃ ሰብስቦ ወደ ልጆቹ ተመለሰ። አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም፤ ይህን ተነሥቼ በጎ ሥራ ሰዓት ያሻሽላል ልላችሁ አልደፍርም። ነገር ግን «ትኩረቴን ይበትንብኛል» ለሚለኝ ወጣት የማነሣው ስም የእሱን ነው።

እንግሊዛዊው እግር ኳስ ተጫዋች ማርከስ ራሽፎርድም አለ። በ2020 እ.ኤ.አ. ጀርባውን ተጎድቶ ከሜዳ ውጪ ሳለ ወረርሽኙ ሊጉን አቆመው። በጁን ወር ለፓርላማ አባላት ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ፤ በትምህርት ቤት ነፃ ምሳ የሚያገኙ ልጆች በክረምቱም እንዳይራቡ። በማግስቱ የእንግሊዝ መንግሥት አቋሙን ቀየረ። ጉዳዩ 1.3 ሚሊዮን ያህል ልጆችን ይመለከት ነበር። ያኔ ገና 22 ዓመቱ ነው። ደብዳቤው ያን ያህል ጉልበት ያገኘው ግን በዝናው ብቻ አይመስለኝም። ራሱ በነፃ ምሳ ያደገ ልጅ ስለሆነ፣ የሚያወራውን ያውቀዋል።

ዲከምቤ ሙቶምቦን ሳልጠቅስ ብወርድ ደግሞ ራሴን አልምርም። የቅርጫት ኳስ ግዙፉ ተከላካይ እናቱ ታማ፣ በኮንጎ ዋና ከተማ በኪንሻሳ በነበረው ሁከት ሳቢያ ሆስፒታል መድረስ ሳይሆንላት ሞተችበት። የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽኑን የመሠረተው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። በእናቱ ስም የተሰየመው ባለ 300 አልጋ ሆስፒታል ሥራ የጀመረው በ2007 ነው። አሥር ዓመት! ከራሱ ኪስ ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር አወጣበት። በእነዚያ አሥር ዓመታት ሁሉ እሱ ገና ተጫዋች ነበር። ስንት የእረፍት ወቅት እዚህ ሥራ ላይ እንደ ዋለ አስቡት።

እነዚህን ሰዎች ሳያቸው አንዳቸውም ታዘው አልሄዱም። እያንዳንዳቸው የሚያውቁትን ቁስል ነው የነኩት። እዚያው ጸንተውም ቆዩ። የክለብ አመራሮች፣ እባካችሁ ይህን ከእኔ ተቀበሉ፦ በእረፍት ወራት የግዴታ ጉብኝት አታድርጉ። የማስታወቂያ ሥራ ካላችሁ በውድድር ዘመኑ፣ በሥራ ሰዓት፣ በስሙ ጠርታችሁ አሠሩን። በተለይ ወላጅ የሌላቸው ልጆች ወዳሉበት ቤት ሄዶ አንድ ቀን አቅፎ መጥፋት ደግ ሥራ አይደለም፤ እነዚያ ልጆች ሰው ሲሄድባቸው ብዙ አይተዋል።

እኔ በዓመቱ ወደዚያ ሆስፒታል ብቻዬን ተመለስኩ። ልጁ ድኖ ወጥቶ ነበር፤ አላገኘሁትም። ያቺ ነርስ ግን ነበረች። «ምን ልሥራ?» አልኳት። የአካል ማገገሚያ ክፍሉን አሳየችኝ። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም አልፈለገኝም፤ ወንበር አነሣሁ፣ አንሶላ አጠፍኩ። በሁለተኛው ሳምንት ባለሙያው አንድ ሽማግሌ ሲራመዱ በብብታቸው እንድደግፍ ፈቀደልኝ። በሦስተኛው ሳምንት ጉልበቷን የተቀደደች አንዲት ልጅ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ መጀመሪያ ስትቆም ያማል ወይ ብላ። ተቀምጬ መለስኩላት። አውቶቡስ አልነበረም። ያንን ጨምሮ 8 የእረፍት ወቅት ተመላልሻለሁ፤ ጎበዝ የሆንኩት ግን ከሦስተኛው በኋላ ነው።

ለዚህ ነው የእረፍቱን ወቅት የምመርጠው። በውድድር ዘመን መካከል ማናችንም ሦስት ሳምንት አንድ ቦታ ረግተን አንቀመጥም፤ ሦስት ሳምንት ያልተቀመጠ ሰው ደግሞ እንግዳ ነው፣ እንግዳ ይስተናገዳል እንጂ አይሠራም።

እንግዲህ ልጆች፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ተኙ። እናቶቻችሁን ጠይቁ፣ ጉልበታችሁን ለወጌሻ አሳዩ። ከዚያ የምታውቁትን ሕመም አስቡ፤ ጉዳት ሊሆን ይችላል፣ ረሃብ፣ ትምህርት ማቋረጥ፣ አባት ማጣት። ያ ሕመም ያለበትን አንድ ቤት ፈልጉና ማሊያ ሳትለብሱ በሩን አንኳኩ። ምን እንደሚጎድላቸው ሳትጠይቁ ምንም ይዛችሁ አትሂዱ። ወንበር አንሣ ካሏችሁ አንሡ። ከየት እንደምትጀምሩ ግራ የገባችሁ እኔን ጠይቁኝ፤ እስከ መጨረሻው ከዚህ አዳራሽ አልወጣም።

አመሰግናለሁ።