ሳትለኩ አትማሉ፦ የጥርስ ሐኪሙ መልስ የስኳር ሕመም ላለባቸው አድማጮች

ጥያቄ፦ ስኳር አለብኝ። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማል። መቦረሹን ልተወው?

መልስ፦ ይህን ስንቴ እንደመለስኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል። እንዳይተዉ! ብዙውን ጊዜ ድዱ የሚደማው ስለተቆጣ ነው። ብሩሹን ሲጥሉት ቆሻሻው ይከመራል፤ ነገ የባሰ ይደማል። ለስላሳ ብሩሽ ይዘው በድዱ ጠርዝ ሰያፍ አድርገው ቀስ ብለው ይቦርሹ። በቀን 2 ጊዜ፣ 2 ደቂቃ። የታመመ ድድ ስኳሩን ከፍ ያደርጋል፤ ስኳሩም ዞሮ ድዱን ይጎዳል። በ2 ሳምንት ካልቆመ ይምጡና እንየው።

ጥያቄ፦ ጥርስ ላስነቅል ነው። ቁርስ ልዝለል?

መልስ፦ ለሙሉ ሰመመን ጹሙ ካልተባሉ በቀር፣ በልተው መድኃኒትዎን ወስደው ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከስኳር ጋር 12 ዓመት ኖሬያለሁ። ከፍ ዝቅ ሲል ሰውነቴ ይነግረኛል፤ መለካት ትቻለሁ። ባለቤቴ ትጨቀጭቀኛለች። ማናችን ነን ልክ?

መልስ፦ ባለቤትዎ ናቸው። አይቆጡኝና ወንበሬ ላይ የማየውን ልንገርዎት። ሰውየው ዘና ብሎ ይቀመጣል። «ዛሬ ደህና ነኝ» ይለኛል። ጣቱን ስንወጋው የደም ስኳር መለኪያው 300 (ሚሊግራም በዴሲሊተር) አልፏል። መሣሪያውን እያገላበጠ «ባትሪው ይሆናል» ይላል! ባትሪው ምንም አልሆነም። ከፍ ያለ ስኳር ለብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ መቆየት ይችላል። ሲወርድ ደግሞ የሚያስጠነቅቁት መንቀጥቀጥና ላብ ከዓመታት በኋላ እየደበዘዙ ይሄዳሉ። ከ70 በታች ወርዶ ሳያውቁት መኪና እየነዱ ቢሆንስ? የእርስዎ በራስ መተማመን ሳይሆን ድፍረት ነው። በራሱ የሚተማመን ሰው ቁጥሩን ለማየት አይፈራም። በስሜት ተነስተው ኢንሱሊን አይጨምሩ፣ አይቀንሱ። ከወረደ 15 ግራም ስኳር ወስደው፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለኩ። ሳትለኩ አትማሉ!

ጥያቄ፦ ወጣት ነኝ። ሰኞ መቦረሽም መለካትም እጀምራለሁ፣ ረቡዕ እተወዋለሁ። በራሴ እምነት አጣሁ።

መልስ፦ ልጄ፣ እምነቱ ቀድሞ አይመጣም። የሥነ ልቦና ሊቁ አልበርት ባንዱራ በፈረንጆቹ 1977 «እችላለሁ» የሚለውን ስሜት ከምንም በላይ የሚያሳድገው ሠርቶ ማየት ነው ብሎ ጽፏል። ፊንላንድ ውስጥ የተሠሩ ጥናቶችም ጥርሱን መንከባከብ እንደሚችል የሚያምን ሰው ስኳሩንም ደህና የመያዝ ዝንባሌ እንዳለው አሳይተዋል። አንተ ግን ሁለቱን ባንድ ቀን ተሸክመህ ወደቅክ። ዛሬ ማታ መቦረሽ ብቻ። ሳምንት ከቆየህ መለኪያውን ከብሩሹ አጠገብ አስቀምጥ። አንድ ቀን ብትዘል እንደገና ከሰኞ አትቁጠር፤ በማግስቱ ቀጥል። ደም ካየህም ብሩሹን አትጣል፣ ሰማኸኝ?

ጥያቄ፦ ጥርሴ ይነቃነቃል፣ ድዴ መግል ይይዛል። ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክ ልውሰድ?

መልስ፦ አይውሰዱ። ይህ በስልክ የሚታከም አይደለም፤ ጥርስ ሐኪም ይዩ። ፊትዎ ካበጠ ወይም ካተኮሰዎት ዛሬውኑ ይሂዱ። መለኪያዎንም ይያዙ።