ገቢ ሲቀንስ መጀመሪያ ለቤት ይነገር

የተከበራችሁ የማህበራችን አባላት፣ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ።

በቁጠባና ብድር ማህበራችን ስብሰባ ላይ ተናገሪ ስባል መጀመሪያ የመጣልኝ የቁጠባ ጥቅም ነበር። እሱንማ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የማያውቅ የለም። ስለዚህ የራሴን ቤት ልንገራችሁ።

ባለቤቴ 7 ዓመት ከሠራበት የግል ድርጅት ሠራተኛ ሲቀነስ ተሰናበተ። እኔ አስተማሪ ነኝ። ከሁለት ደመወዝ ወደ አንድ ወረድን። ለልጆቹ አልነገርንም። ለእናቴም፣ ለእቁብ ዳኛውም ትንፍሽ አላልንም። "አንድ ሁለት ወር ነው፣ ሌላ ሥራ ይገኛል" እያልን አራት ወር ሞላን።

ጤፍ ብቻ መጋገር ሲያቅተኝ ዳጉሳና በቆሎ መቀላቀል ጀመርኩ። ያደግኩት ቡሬ ነው፤ የዳጉሳ እንጀራ በልቼ ነው ያደግኩት። ግን ጎረቤት እንዳያየኝ ወፍጮ ቤት የምሄደው ሲመሽ ነበር። በጨለማ ተሸክሜ መመለስ ስለማልችል ለባጃጅ እከፍላለሁ። አስቡት እንግዲህ፤ ለቁጠባ ብዬ የቀላቀልኩትን እህል፣ ለመደበቅ ብዬ በባጃጅ አስጭነዋለሁ።

አንድ ማታ የ14 ዓመት ልጃችን የአስጠኚ ክፍያ ጠየቀች። ዝም አልን። "እማዬ፣ አውቃለሁ እኮ" አለችኝ። "ጤፍ ስትቀጂ ጣሳው የበርሜሉን ታች ሲጭር ይሰማኛል።"

ያን ማታ ከደብተሯ ወረቀት ቀደደችልንና አብረን ጻፍን። ቤት ኪራይ፣ እህል፣ ትምህርት፣ እድር፣ እቁብ፣ ብድር፣ የሞባይል ካርድ። አስጠኚውን ራሷ ሰረዘችው። እጄ መልሶ ሊጽፈው ቢቃጣውም ተውኩት።

እድሩን አልነካንም። ወርሃዊው ትንሽ ነው፤ ሐዘን ሲመጣ ግን ድንኳኑም ሰዉም ከዚያ ነው። እቁቡ ሌላ ነገር ነው። ገና ዕጣችን አልወጣም ነበር። ዳኛው ስንነግረው አልተቆጣም፤ ግማሽ ዕጣ የሚይዝ ሰው ፈለገልን። ዕጣችሁ ወጥቶ ከሆነ ግን ስታቋርጡ የሚከፍለው ዋሳችሁ ነው። ወዳጅ የሚያጣላው ይሄ ነውና ክፍያ ሳያመልጣችሁ ሄዳችሁ ንገሩ።

የስንብት ክፍያውንም ልንገራችሁ፣ እስካሁን ይቆጨኛልና። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት በቅነሳ የተሰናበተ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ ያገኛል። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ ሲሶ ይጨመርለታል። ለ7 ዓመት 90 ቀን ይሆናል። በቅነሳ ለተሰናበተ ደግሞ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከልለታል፤ በድምሩ 150 ቀን፣ የ5 ወር ደመወዝ ማለት ነው። ይሄ መብት ነው፣ ጠይቁ። እኛ ተቀበልንና ምንም እንዳልተፈጠረ ኖርንበት፤ የዘመድ ሠርግ ላይም እንደ ድሮው ሰጠን። አራተኛው ወር ላይ አለቀ። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በየወሩ የባለቤቴን የወር ደመወዝ ሩብ ብቻ እያወጣን ከደመወዜ ጋር ብንደጉም 20 ወር ይዘልቅ ነበር። እናቴ "እንደ ቤታችሁ እንጂ እንደ ጎረቤታችሁ አትኑሩ" ትለን ነበር። ግን እናቴ ራሷ ቤታችን ምን እንደሆነ አታውቅም፤ አልነገርናትማ።

ገጠር ያላችሁ ወገኖቻችን ይሄን ከእኛ በላይ ታውቁታላችሁ። ገቢያችሁ በዓመት አንዴ፣ እህል ሲወቃ ነው። ጥር ላይ በርካሽ የተሸጠ ጤፍ ነሐሴ ላይ በውድ ይገዛል። ግን ስንት ኩንታል ለቀለብ እንደሚቀር አባት ብቻ ከሚያውቀው፣ ጎተራው ፊት ቆማችሁ ከሚስትና ከልጆች ጋር ቁጠሩት።

ገቢ ሲጨምርም ያው ነው። ጭማሪው ቤት ውስጥ ካልተወራ የት እንደገባ ሳይታወቅ ይጠፋል። ባለቤቴ ሥራ ሲያገኝ መጀመሪያ የሰማችው ልጃችን ነበረች። አስጠኚውን መለስንላት።

አሁን ዳጉሳዬን በጠራራ ፀሐይ ነው የማስፈጨው። ባጃጅም አልከፍልም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ገቢያችሁ የቀነሰባችሁ፣ የማህበራችንን ብድር ሳታቋርጡ በፊት ለብድር ኮሚቴው ንገሩ። ለብቻችሁ መግባት ከከበዳችሁ እኔ አብሬያችሁ እገባለሁ። ዛሬ ስብሰባው ሲያልቅ ከበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። ደብተርና እስክሪብቶ ይዣለሁ።

አመሰግናለሁ።