አማካዩ የዋጣት አራት ሰከንድ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ አንድ የከነከነኝን ነገር ላውራችሁ።

«ወንድሜ፣ ሲስተሙ ደግሞ ቆመ።»

የአንድ ክሊኒክ ካርድ ክፍል የምትሠራ እህት ጠዋት ጠዋት እየደወለች እንዲህ ትለኝ ነበር። ሲስተሙን የምከታተለው እኔ ነኝ፤ ስክሪኔን አያለሁ። አማካይ የምላሽ ጊዜ፣ 5 ሚሊሰከንድ፤ የአንድ ሰከንድ 5 ሺኛ ማለት ነው። «እኔ ጋ ደህና ነው» እላታለሁ። ሦስት ሳምንት እንዲህ አልኳት። ሳስበው አሁንም ያመኛል። ከፊቷ የታመመ ሰው ቆሞ ነበር።

ካርዶቹ የሚቀመጡበት ዳታቤዝ ሞንጎዲቢ ነው። ሰርቨር ስታተስ በሚባለው የራሱ ሪፖርት ውስጥ ኦፕላተንሲስ የሚባል ክፍል አለው። ንባቡን፣ ጽሕፈቱን፣ ሌላውን ትእዛዝ ለየብቻ ይቆጥራል፤ የፈጁትንም ጊዜ በማይክሮሰከንድ ይደምራል። ድምሩ ግን ሰርቨሩ ከተነሣ ጀምሮ ያለው ነው። የኛው ከተነሣ ወር አልፎታል። እኔ ደግሞ ድምሩን ለብዛቱ አካፍዬ የዛሬ አድርጌ አነበው ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አነበብኩ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደገምኩ፣ ከሁለተኛው የመጀመሪያውን ቀነስኩ። ቁጥሩ ከፍ አለ። ግን ይሄም አማካይ ነው። እስቲ አስቡት፦ ከ1,000 ጥያቄ 999ኙ በ1 ሚሊሰከንድ ቢመለሱና አንዱ 4 ሰከንድ ቢፈጅ፣ አማካዩ 5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። ያ አንዱ ጭራሽ አይታይም።

ከዚያ ኮልስታትስ የሚባለውን የሞንጎዲቢ መለኪያ ሂስቶግራም ጠየቅኩት። የአንዱን ኮሌክሽን፣ ማለትም የአንዱን የመዝገብ ስብስብ፣ ጥያቄዎች በፈጁት ጊዜ ከፋፍሎ ያሳያል። አብዛኛው ግራ በኩል ተከምሯል። ወደ ቀኝ ራቅ ብላ፣ ሰከንዶቹ ጋ፣ አንዲት ትንሽ ክምር አለች። እሷ የምትደውልልኝ ከዚያች ክምር ውስጥ ሆና ነው።

ሎጉን፣ ሰርቨሩ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ከፈትኩ። ሞንጎዲቢ ካልቀየራችሁት በቀር ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ የፈጀውን ሎጉ ላይ ይጽፋል። ኮልስካን ይላል፣ ደጋግሞ፤ ስብስቡን ሙሉ ማሰስ ማለት ነው። በስልክ ቁጥር ሲፈለግ ኢንዴክስ፣ እንደ መጽሐፍ ማውጫ በቀጥታ የሚያደርስ ዝርዝር፣ የለም። የአንድ ሰው ካርድ ለማግኘት የሁሉንም ሰው ካርድ ያገላብጣል። ሦስቱንም ሳምንት ሲጽፈው ነበር።

ኢንዴክሱን ጨመርኩ። በማግስቱ እኔው ደወልኩላት።

«ቁጥሩን ጽፌ እንደጨረስኩ መጣ» አለችኝ። «ከሰዓት ግን አንዳንዴ ይንቀራፈፋል።»

ሂስቶግራሙ ላይ አዲስ የተጨመረ ዘገምተኛ ጥያቄ የለም። ሰርቨሩ የሚለካው የራሱን ሥራ ነው፤ ኔትወርኩ መንገድ ላይ የሚበላውን ጊዜ አያየውም። ነገ ከሰዓት ካርድ ክፍል ሄጄ፣ ከጎኗ ቁጭ ብዬ፣ ከእሷ ኮምፒውተር ላይ እለካዋለሁ።